ጉዳዩ፦ ስለ ሦስተኛዋ ደሴት፣ ስለ አንዲት ፍየልና ስለ ሰው ድስት ክዳን

ለመርከባችን የጉብኝት ክፍል ክቡር ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ «ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ» ከሚለው ማሳሰቢያ ጀርባ

ግልባጭ፦ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ቆሞ የእራቱን ዝርዝር ለሚያነብ መንገደኛ በሙሉ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ማዕበሉ ሆድዎን እንዳያውክ፣ ፀሐዩም ግንባርዎን እንዳይልጠው በቤተሰቤ ስም ከልብ እመኛለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ጀልባ ላይ ሳላይዎት ስቀር ታመው ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን በመዋኛው ዳር፣ ጃንጥላ ሥር፣ ፊትዎን በፎጣ ሸፍነው ሲያንኮራፉ ስላየሁዎት ልቤ ወደ ቦታው ተመልሷል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ የሚተኛው ኅሊናው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው፤ አለዚያም ኅሊናውን ሲሳፈር የብስ ላይ ረስቶት የመጣ ሰው ነው። የትኛው እንደሆኑ ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአቴን እንድናዘዝ ይፍቀዱልኝ። ቢሮዎ በእያንዳንዳችን ደረት ላይ የለጠፈውን፣ ጉብኝቱ እስኪያልቅ መንቀል ክልክል ነው የተባልነውን፣ ሰባት ቁጥር ያለበትን ብርቱካናማ ተለጣፊ፣ እኔ ከዚህ በታች ስሜን ያኖርኩት ግለሰብ፣ በመጀመሪያዋ ደሴት ላይ ማንም ሳያየኝ ነቅዬ በአንዲት ነጭ ፍየል ግራ ቀንድ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም። በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ማሰሮ ቁጥር ደረቴ ላይ ለጥፌ መዞር አስጠልቶኝ ያደረግኩት ነው። ፍየሏ ግን ምንም አልመሰላትም፤ እንዲያውም ያምርባት ነበር። ስለዚህ ጥፋቴ ቅጣት ቢኖርብኝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ፍየሏን እንደ ምስክር እጠራለሁና ይታገሱኝ።

ስለ ራሴ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው፤ ቤት ውስጥ «ፍተሻ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ አያቴ ነው። ወተት ሳላሸት አልጠጣም፤ ፎቶ አንሺ «እስቲ ሳቅ በይ» ሲለኝ «ምን አግኝቼ?» እላለሁ። አያቴ ይህን ጠባዬን ከእናቴ ወገን የመጣ ነው ይላል፤ እናቴ ደግሞ ከእሱ ወገን ነው ትላለች። ቅሬታዬን በቁጥር የማስቀምጠው ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ ነው።

አንደኛ፤ እኛ እዚህ የመጣነው ለመዋኘት አይደለም። አባቴ ውኃ ከጉልበቱ ሲያልፍ የሚጮህ ሰው ነው፤ እናቴም ባሕሩን በስልኳ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የመጣነው በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ በወጣትነቱ የጭነት መርከብ ምግብ አብሳይ ነበር። አንድ ጊዜ የመርከባቸው ሞተር ተበላሽቶ በእነዚህ ደሴቶች በሦስተኛዋ ላይ ሰንብተው ነበር፤ ያን ጊዜ አንዲት እናት ቤቷን ከፍታ፣ ለመርከበኞቹ የሚያበስልበትን ትልቅ የብረት ድስት አዋሰችው። ድስቷ ጆሮ የሚባል አልነበራትም። አያቴ ከእሳት የሚያወርዳት ሁለት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበርና እስከ ዛሬ ድረስ ሲያወራላት «ደንቆሮዋ» ነው የሚላት። ሞተሩ የተጠገነ ዕለት የመርከቡ ጥሩምባ ሳይታሰብ ጮኸ። አያቴ በዚያች ቅጽበት ሾርባውን ሊቀምስ ክዳኑን ገልጦ በእጁ ይዞ ነበር፤ እንደያዘውም ሮጠ። ትንፋሹ ተመልሶ እጁን ሲያይ፣ እሱ መርከብ ላይ፣ ድስቷ ደግሞ ባሕር ማዶ ራቁቷን እሳት ላይ ቀርታለች።

ከዚያ ወዲህ ያ ክዳን በቤታችን የማብሰያ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በምስማር ተንጠልጥሎ ኖሯል። ማንም አይነካውም። እናቴ አዲስ ሙሽራ ሆና በመጣች ሰሞን ሳታውቅ ሩዝ ከድናበት፣ አያቴ ቀኑን ሙሉ «የሰው ዕቃ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም አሉ። እዚህ መርከብ ላይ ስንሳፈር እንኳ የጥበቃ ሠራተኛው ክዳኑን ከሻንጣ አውጥቶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው፣ አያቴ ደረቱን ነፍቶ «የሰው ዕቃ ነው፤ ልመልስ እየሄድኩ ነው» አለው። ጥበቃው የት እንዲህ ያለ መንገደኛ አይቶ ያውቃል! በሁለት እጁ አክብሮ መለሰለት። አሁን የአያቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ጥላውን ቢያይም፣ ማንነቱን የሚለየው በድምፁ ነው። ሌላ ጉዞ አይኖርም፤ ሐኪሙም እንደዚያ ይላል፣ ጉልበቱም እንደዚያ ይላል። እንግዲህ የእርስዎ ወረቀት ላይ «ሦስት ደሴቶች፣ ሦስት ትዝታዎች» የሚለውን ስናነብ ቤታችን ውስጥ የነበረውን እልልታ ይገምቱት።

ሁለተኛ፤ ስለ ጀልባው ሸራ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛዋን ደሴት ለቀን ወደ ሦስተኛዋ ስንነሳ አስጎብኚዎ (ጥርሱን ገጥሞ አይቼው ስለማላውቅ «ፈገግታው» እለዋለሁ) «ፀሐይ እንዳይመታችሁ የኔ እናቶች፣ የኔ አባቶች» እያለ በግራ በኩል ያለውን ሸራ አወረደልን። እንዴት ያለ አንጀት ነው! ፀሐይዋ ግን በስተቀኝ ነበረች። ያንን የማያሳይ ሸራ እንዳወረደ ማጨብጨብና መዝፈን ጀመረ፤ እኛንም አዘፈነን። እየዘፈንን ሳለ ያቺ ፀሐይ ከቀኝ ጉንጬ ወደ ማጅራቴ፣ ከማጅራቴ ደግሞ ወደ ግራ ጉንጬ ዞረች፤ ሸራውም በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ትምህርት ቤት ፀሐይ ባለችበት እንደምትቆም ስለተማርኩ የዞርነው እኛ ነን ማለት ነው።

ይህንኑ ለአባቴ በጆሮው ሹክ ብለው «ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ሦስት ደሴት ነው የሚለው» አለኝ። አባቴን ስለማያውቁት ልንገርዎት፦ የታተመ ነገርን ከዓይኑ አብልጦ ያምናል። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ «ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» ስለሚል፣ በዚህ ዕድሜዬ ሽሮፑን ከቁም ሣጥን ላይ በወንበር አውርዶ በማንኪያ የሚያጠጣኝ እሱ ነው። እኔ ከወንበሩም ከእሱም እረዝማለሁ።

ሦስተኛ፤ ምስክሬን እንድጠራ ይፈቀድልኝ። ሦስተኛዋ ደሴት የተባለችው ላይ ስንወርድ፣ እንደ መጀመሪያዋ ደሴት የእንጨት በርና የአቀባበል ሰልፍ አልነበረም፤ በድንጋይ ላይ እየዘለልን፣ ልክ ዘግይቶ እንደ መጣ ዘመድ በጓሮ በኩል ገባን። የኮኮናት ዛፎቹን ስናልፍ አንዲት ነጭ ፍየል ቆማ ታኝካለች። ግራ ቀንዷ ላይ ብርቱካናማ ተለጣፊ፣ ቁጥር ሰባት።

ክቡር ሆይ፣ ማንንም ያለ ማስረጃ መጠርጠር ስለማልወድ ሌላ ሌላውን ሁሉ አስቤበታለሁ። ምናልባት ፍየሏ ከሞተር ጀልባ ቀድማ ዋኝታ ይሆናል፤ ግን ጠጉሯ ደረቅ ነበር። ምናልባት ቁጥሩ ስላላት የቡድናችን አባል ተብላ በሌላ ጀልባ መጥታ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ እሷ ወንበር አግኝታ አያቴ በነዳጅ ጀሪካን ላይ መቀመጡ ቅር ያሰኛል። ለፈገግታው ሳሳየው «የዚህ አገር ፍየሎች ይመሳሰላሉ» አለኝ። «ቁጥራቸውም?» ስለው ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተገጠመ።

አራተኛ፤ አያቴ ክዳኑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ምርኩዙን በድንጋዩ መሃል እየሰካ፣ ፈገግታውን «ልጄ፣ ሁለት ጉብታ ያለው ኮረብታ ነበር፤ ቤቷ ከእሱ ሥር ናት፤ በየት በኩል ነው?» አለው። ፈገግታውም ሳያቅማማ «ውይ አባት፣ እሱማ በዝናብ ታጥቦ ሄደ!» አለ። ኮረብታ፤ ያውም ሁለት ጉብታ ያለው! እኛ ሰፈር ዝናብ መንገድ ሲቦረቡር እንጂ ኮረብታ ጠቅልሎ ሲሄድ አይተን አናውቅም። እናቴ ግን «ተፈጥሮ እንዴት ጨካኝ ነች» ብላ ባዶውን ቦታ ቀረጸችው።

ከዚያ ፈገግታው ሮጥ ብሎ ቀደመን፤ ዛጎል የምትሸጥ አንዲት ሴት ጋ ደርሶ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ተናገረ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። በመጀመሪያዋ ደሴት ላይ ቢጫ ሻሽ አስራ፣ «ከዚህች ደሴት በቀር የትም አይገኝም» ብላ ለእናቴ የአንገት ጌጥ ሸጣላት ነበር። አሁን ሻሿ ቀይ ሆኗል፤ ጌጡ ግን ያው ነው፣ የትም አለመገኘቱም ያው ነው። እናቴ ሌላ ገዛች። ሴትዮዋ አያቴን ስታይ እጇን ዘርግታ «አባባ መጡ! እናቴ እርስዎን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ ሞተች!» ብላ ጮኸች፤ ክዳኑንም ከደረቱ ላይ ወስዳ ግራና ቀኝ ሳመችው። አባቴ ዕንባውን በእርስዎ የጉብኝት ወረቀት ጠረገ፤ ወረቀቱ ቀለሙን ስለሚለቅ ፊቱ እስካሁን ሰማያዊ ነው። በዚያ ሁሉ ዕንባ መሃል ደረቅ የነበረው የሴትዮዋ ዓይንና የእኔ ዓይን ብቻ ነው።

አያቴ ባዶ እጁን አንዴ ዘርጋ፣ አንዴ ጨበጥ ሲያደርግ ቆይቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «የድስቷ ጆሮ ተጠገነ ወይ፣ ልጄ?» አላት። «ኧረ ድሮ! ሁለቱም ተጠግነዋል አባባ፣ አያስቡ!» አለችው። አያቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ፣ ጆሮ የሌላትን ድስት ጆሮ ሲጠይቅ ስሰማ፣ ፀሐዩ አናቱን መታው ብዬ ደነገጥኩ።

ከዚያ አያቴ ጀልባው ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የሆነ ነገር እንደሚቀበል ሰው ተቀምጦ መጣ። ምሳ ሲቀርብ አልነካም፤ እሱ፣ የሌላ አብሳይ ምግብ ሳይቀምስና ሳይተች ውሎ የማያውቀው ሰውዬ! አባቴ «ደስታ ነው፤ ሸክም ሲወርድ ሰው እንደዚህ ይሆናል» አለ። እናቴም ቪዲዮውን እንደገና ከፍታ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላቴም አልመኝ።

አምስተኛ፤ በላይኛው ፎቅ ለመንገደኞች መዝናኛ ስላቆሙልን የሩቅ ማያ መነጽር በእጅጉ አመሰግናለሁ፤ ምናልባት ሰው ያይበታል ብለው ሳያስቡ ነው ያቆሙት። ከምሳ በኋላ ሸራው ሸፍኖብን ወደነበረው አቅጣጫ አዞርኩት። አንዲት ደሴት ብቅ አለች። መሃሏ ላይ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው ሁለት ጉብታ አለው። ዝናቡ እንደወሰደው መልሶት መሆን አለበት፤ ወይም እርስዎ ታጥቦ ሲያልቅ አድርቀው ተክተውት ይሆናል።

አጠገቤ የመርከቡን አጥር ቀለም ይቀባ የነበረ መርከበኛ «እዚያማ ጀልባ መሄድ ካቆመ ቆየ፤ ማረፊያው በማዕበል ፈርሷል። በአሸዋው በኩል በትንሽ ጀልባ ካልሆነ አይገባም» አለኝ። ቀጥሎ «ቆይ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለና አሁን ቀብቶ የጨረሰውን ብረት እንደገና መቀባት ጀመረ። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው! «ማረፊያው ፈርሷል» ቢሉን ኖሮ እኛ ምን እንል ነበር? እናዝን ነበር፤ ሌላ ዘዴ ካለ እንጠይቅ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ለሰው እውነቱን መንገር ጀልባ ሙሉ ሕዝብ እያዘፈኑ ከማዞር ያነሰ ነዳጅ የሚፈጅ መሆኑ ነው።

ስድስተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነው። ወደ ጀልባው ስንመለስ «የውኃ ኮዳዬን ረሳሁ» ብዬ ወደ ዛጎል ሻጯ ሮጬ ነበር። ኮዳዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ለሌላ ቡድን ሻሽ ስትቀይር ጀርባዋን ሰጥታለች፤ በቤታችን ከአንድ ቀን ሩዝ በቀር ምንም ያልከደነው ክዳን የለስላሳ ባልዲ ተከድኖበታል። አንስቼው በፎጣዬ ጠቀለልኩት። ባልዲው ክፍቱን እንዳይቀር የገለባ ባርኔጣዬን ደፋሁበት። ክዳኑ አሁን እግሬ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እኔም በጨዋታ ክፍሉ ጥግ፣ ቼዝ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ይህን እጽፍልዎታለሁ።

አሁን ምን ላድርግ? እስከዛሬ ሁሉን ጠርጥሬ፣ ሁሉን መርምሬ፣ ይህን ግን አላውቀውም። አያቴን «ክዳኑን የሰጠኸው ለማታውቀው ሰው ነው» ብለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት የኖረውን ነገር እንደገና ደረቱ ላይ አስቀምጥበታለሁ። ዝም ብለው ደግሞ፣ አያቴ አንድ ቀን ሲያልፍ ያ ክዳን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሰው ዕቃነቱም ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ደግሞ ምግብ ማብሰል እንኳ አልችልም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት ይህንን ብቻ ነው። መርከባችን ነገ ቀትር ላይ ይነሳል። በመርከቡ ጎን የታሰረችውን ትንሿን ጀልባ፣ ከአንድ ቀዛፊ ጋር፣ ነገ በማለዳ ለአያቴና ለእኔ ይፍቀዱልን። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ እንዳያስቸግርዎት። ሽማግሌው ነገሩን ሳይደርስበት ጀልባዋ ላይ የሚወጣበትን ሰበብ ግን እርስዎ ይፈልጉለት፤ «ለዕድሜ ባለጸጎች ልዩ ስጦታ» ይበሉት፣ «ኮረብታው ተመልሶ መጣ» ይበሉት። በዚህ ሙያ እርስዎን መወዳደር አልችልም። እዚያ ከደረስን በኋላ ክዳኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ እጁ ላይ አኖረዋለሁ፤ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ።

እንቅልፍዎ ጥልቅ፣ ጃንጥላዎ ሰፊ፣ የመንገደኛዎ ዓይን ሁሉ እንደ አባቴ የተባረከ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ለሦስት ደሴቶች ከፍዬ ሁለቱን፣ አንደኛዋን ግን ከፊትም ከኋላም ስላሳዩኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የዘወትር ታዛዥዎና ተጠራጣሪዎ፣
ፍተሻ
ከቡድን ሰባት (ያለ ተለጣፊ)

ማስታወሻ፦ ስንመለስ ፈገግታው ጀልባው ላይ ተለጣፊ ያለበትን ደረት ሁሉ ቆጥሮ «ሞልተናል፣ ማንም አልቀረም» ብሏል። እኔ ተለጣፊ የለኝም፤ ስለዚህ በእርስዎ አቆጣጠር አልተመለስኩም። ፍየሏ እንድትመለስ ካልፈለጉ በቀር ስሜን ከጠፉት ተራ ያውጡልኝ። ቀንዷ ላይ ያለውን ግን እንዳይነቅሉት፤ ከነገ ወዲያ የሚመጣው መርከብ ላይም አንዲት ጠርጣራ ልጅ ትኖር ይሆናልና

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ከጀርባዬ «ፍተሻ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያቴ ነው። ጫማውን አጥልቆ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ እኔ ላይ ሳይሆን ከጭንቅላቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ባርኔጣ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ። «ባርኔጣሽ የት ገባ፣ ልጄ?» አለኝ።

የድስቷን ጆሮ በጠየቀበት ድምፅ፣ መልሱን እያወቀ ነው የጠየቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰበብ መፈለጉ ይቅርብዎ። ጀልባዋ ብቻ ትምጣ።